በክረምት ወራት በጓዳና በመጋዘን ስለሚፈጠር ሻጋታ

በጅማና በአካባቢዋ ዝናቡ ከጠና በኋላ ባለሱቅ የጓዳውን በር ሲከፍት አስቀድሞ የሚቀበለው የሻጋታ ሽታ ነው። ከግድግዳው የተጠጋው ጆንያ ጀርባው ረጥቧል፤ ዛላ በርበሬው ነጭ ድር አድርቶበታል፤ ለፋሲካ መጥቶ ሳይሸጥ የቀረው ጫማ አረንጓዴ አቧራ የነሰነሱበት መስሏል። ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚደረገውም የታወቀ ነው፤ ይኸውም ዕቃውን በፀሐይ አስጥቶ፣ ሻጋታውን አራግፎ፣ ከደኅናው ጋር ቀላቅሎ መሸጥ ነው። ይህ አሠራር ለሻጩም ሆነ ለገዢው ምን ያህል ጎጂ እንደ ሆነ ለነጋዴ ወገኖቻችን ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

የሻጋታ ዘር ዘወትር በአየር ውስጥ የሚገኝ ስለ ሆነ ከጓዳ ጨርሶ ማስወጣት አይቻልም። የሚቻለው ውሃ መንሣት ነው። ጣራው ካላፈሰሰ ጓዳው ደኅና ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ቀን የሞቀው አየር የተሸከመውን እርጥበት ሌሊት በቀዘቀዘው ቆርቆሮና ግድግዳ ላይ ያራግፋል። ኮርኒስ በሌለው ቤት ጠዋት ከቆርቆሮው ሥር የሚንጠባጠበው ይኸው ነው። ከመሬትም የሚሳብ እርጥበት አለ። ስለዚህ ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ ከወለሉ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳውም ክንድ ያህል ርቆ ይደርደር። መስኮት መከፈት ያለበት ፀሐይ በወጣና ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ነው፤ በዝናብና በጉም ሰዓት መክፈት እርጥበትን መጋበዝ ይሆናል። ጓዳ ለማድረቅ ሲባል በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድን ግን ማንም እንዳይሞክረው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳይታይና ሳይሸት ሰው ይገድላል።

ከሁሉ ይልቅ ጥፋቱ የሚጀምረው በግዢው ጊዜ ነው። ያልደረቀ እህል በምንም ዓይነት መጋዘን አይድንም። በቆሎ የሚገዛ ነጋዴ መለኪያ መሣሪያ ባይኖረው፣ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምሮ ደኅና አድርጎ ይነቅንቀው፤ ጨው ከጠርሙሱ ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ ውሃ ይዟልና ለማከማቸት አይሆንም። የቡና እርጥበት ከ12 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ዛላ በርበሬ ሲነቀነቅ በውስጡ ያለው ፍሬ መንኳኳት አለበት። በዚህ አጋጣሚ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ፤ አንዳንድ ነጋዴዎች ዛላው እንዳይሰባበር፣ ሚዛንም እንዲያነሣ ውሃ ይረጩበታል። ይህ ሻጋታን በገዛ እጅ መዝራት ነው። ረጪው በሚዛን ያተረፈውን የሚቀጥለው ነጋዴ በኪሳራ ይከፍለዋል።

ሻጋታን ማራገፍ ለምን አይበቃም? እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከ100,000 በላይ የሚሆኑት ባልታወቀ ደዌ አለቁ። ሲመረመር ምክንያቱ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ መርዙም አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ ለዓይን አይታይም፤ ነጩ ድር ቢራገፍም እርሱ በዕቃው ውስጥ ይቀራል፤ ተራ የወጥ እሳትም አያጠፋውም፤ ለረጅም ጊዜ የተመገበውንም ሰው ለጉበት ነቀርሳ ያጋልጣል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አፍላቶክሲን እንዲገኝ አይፈቅድም፤ ማይክሮግራም ማለት የግራም ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። እንግዲህ ጥቂት የሻገተ ዛላ ከደኅናው ጋር የተቀላቀለ እንደ ሆነ ጭነቱን በሙሉ ከወደብ ሊያስመልስ ይችላል። በችርቻሮ የሚሸጠው ባለሱቅም ቢሆን የሚያበላው የጎረቤቱን ልጆች ነው።

ስለዚህ የሻገተ በርበሬ፣ ለውዝና በቆሎ ይጣል። ለከብት መስጠትም አይገባም፤ ላም የበላችው መርዝ ወደ ወተቷ ይተላለፋልና። ጫማና ቦርሳ ግን ከቤት ውጭ ተጠርጎ ነፋስ ቢመታው ይድናል። ጓዳው ባዶ በሆነ ጊዜ ግድግዳው በሳሙና ታጥቦ፣ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ኖራ ይቀባ። ለዚህ ሥራ የሚመቹት ታኅሣሥና ጥር ናቸው፤ በጅማ በኩል ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ስለሚያዘወትር እስከ ሰኔ መቆየት አይገባም።