የኢንፍሉዌንዛ የዘር ሐረግ መዝገብ

ኢንፍሉዌንዛ ኤ ዘረመሉን በስምንት ቁራጭ ከፋፍሎ የያዘ ቫይረስ ነው። ሁሉም ተደምሮ ከ13,500 ፊደል ብዙም አይርቅም። ሲባዛ ይሳሳታል፤ ስሕተቱንም አያርምም። ሁለት ቫይረሶች አንድ ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙ ደግሞ ቁራጭ ይለዋወጣሉ። የሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የዚህ ግን የእያንዳንዱ ቁራጭ ሐረግ ለብቻው ነው የሚቆጠረው። በ2009 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ዓለምን ያዳረሰው ኤች1ኤን1 ቁራጮቹ ከአሳማ፣ ከወፍና ከሰው ቫይረሶች የመጡ መሆናቸው የታወቀው እንዲህ ነው።

ቆጠራው ከስም ይጀምራል። ኤ/ሆንግ ኮንግ/4801/2014 ሲባል ዓይነቱ፣ ናሙናው የተገኘበት ቦታ፣ የላቦራቶሪው ቁጥርና ዓመቱ ተነግሯል። ቀን የተሳሳተ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ልጅን ከአባቱ ያስቀድማል። የእንቁላል ጣጣ ግን ከዚህም ይብሳል። ቫይረሱ ለክትባት ሥራ በዶሮ እንቁላል ሲራባ፣ ሰው ላይ ያልነበረ፣ ለእንቁላል የሚስማማ ለውጥ ያመጣል። በዚሁ በ4801 ላይ ሄማግሉቲኒን የተባለው የላይኛው ፕሮቲን 160ኛ ቦታው ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ ተቀየረች፤ በሰው መካከል የሚዘዋወረው ቫይረስ እዚያ አካባቢ የነበረው የስኳር ሽፋን ከ2016/17ቱ የእንቁላል ክትባት ጠፋ። ቫይረሱ በምን እንደተራባ ካልተመዘገበ፣ የእንቁላሉን ሥራ የተፈጥሮ ዝግመተ ለውጥ አድርጎ ማንበብ ቀላል ነው። እኔ ብጠየቅ ከፊደሎቹ በፊት በምን እንደተራባ የምትናገረውን መስመር አይ ነበር።

መዝገቡን ማን ይያዝ የሚለው ሌላ ጠብ ነበር። በ2007 የኢንዶኔዥያ የጤና ሚኒስትር ሲቲ ፋዲላ ሱፓሪ የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ናሙና አንሰጥም ብለው ዓለምን ሞገቱ፤ ናሙናው ከድሃ አገር ወጥቶ፣ ክትባት ሆኖ ለዚያው ድሃ አገር በውድ ይሸጣል ነበር ክርክራቸው። እውነት ነበራቸው። ከዚህ ክርክር ጥቂት ቀደም ብሎ የተወጠነው ጊስኤይድ የተባለው የመረጃ ቋት በ2008 ሥራ ጀመረ። ተጠቃሚው በስሙ ይመዘገባል፣ የፊደሎቹን ቅደም ተከተል ያበረከተውን ላቦራቶሪም በጽሑፉ ያመሰግናል፤ ባለቤትነቱ ከሰጪው አይወጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲትና በመስከረም ገደማ፣ ይህን ሐረግ ከሌሎች ምርመራዎች ጋር አይተው የመጪውን ክትባት ቫይረሶች ይመርጣሉ። ቢ/ያማጋታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ቢ ዘር ከመጋቢት 2020 ወዲህ በተረጋገጠ ሁኔታ አልተገኘም። በ2023 ባለሙያዎቹ ከክትባቱ እንዲወጣ መከሩ፤ አሜሪካም ለ2024/25 ወቅት ያዘጋጀቻቸው የኢንፍሉዌንዛ ክትባቶች በሙሉ ከአራት ዓይነት ወደ ሦስት ወረዱ።