ቢትኮይንና ያልተነካው ሥልጣን

እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ታላላቅ ባንኮች በሕዝብ ገንዘብ ከውድቀት ሲተርፉ፣ በርካታ ቤተሰቦች ግን መኖሪያቸውን በዕዳ በተነጠቁበት ወቅት፣ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ይፋ የሆነው የቢትኮይን ንድፍ ባንክ በመካከል ሳይገባ ሰው ከሰው የሚገበያይበትን ዲጂታል ገንዘብ አቀረበ። ቁጣው ተገቢ ነበር፤ ይሁንና የጥቂቶችን የበላይነት ከሚቃወሙት መካከል ብዙዎቹ መድኃኒቱን አልተቀበሉትም። አሜሪካዊው ምሁር ዴቪድ ጎለምቢያ በ2016 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቢትኮይን ማዕከላዊ ባንክን የክፋት ሁሉ ምንጭ አድርጎ የሚያይ የቀኝ ጽንፈኛ አስተሳሰብን እንደሚያስተጋባ ተከራክሯል።

ጥርጣሬው ከአሠራሩም ይነሣል። እያንዳንዱ ክፍያ ማንም ሊያየው በሚችል የጋራ መዝገብ ላይ የሚሰፍር ሲሆን፣ መዝገቡን ለማራዘም ኮምፒውተሮች በከባድ ስሌት ይወዳደራሉ፤ ያሸነፈውም አዲስ ቢትኮይን ያገኛል። ማይኒንግ የሚባለው ይህ ሥራ ነው። ናካሞቶ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ ድምፅ የሚሰጥ ሥርዓት አስቦ ነበር፤ ከ2013 ወዲህ ግን ለዚህ ስሌት ብቻ የተሠሩ መሣሪያዎች ስለመጡ፣ ድምፁ ውድ መሣሪያና ርካሽ ኤሌክትሪክ መግዛት ወደሚችለው ባለሀብት ተሻገረ። ቢትኮይን ለመገበያያነት ባልተፈቀደባት ኢትዮጵያ እንኳ የውጭ ማይኒንግ ኩባንያዎች የገቡት ርካሹን የውኃ ኃይል ፈልገው ነው። በጥር 2024 ደግሞ ብላክሮክን የመሳሰሉ የዎል ስትሪት ተቋማት በአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ የቢትኮይን ፈንድ ለገበያ አቀረቡ፤ ይተካሉ የተባሉት ተቋማት አሁን ከንግዱ ያተርፋሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የኤል ሳልቫዶር ታሪክ ነው። በግንቦት 2021 የፕሬዚዳንት ናይብ ቡኬሌ ደጋፊዎች የተቆጣጠሩት ምክር ቤት የሕገ መንግሥት ችሎት ዳኞችንና ዋና ዐቃቤ ሕጉን አሰናበተ፤ በቀጣዩ ወር ያው ምክር ቤት ቢትኮይንን ሕጋዊ ገንዘብ አደረገ፤ ነጋዴዎችም እንዲቀበሉት በሕግ ተገደዱ። መንግሥት «ቺቮ» የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ለተጠቀመ ዜጋ 30 ዶላር ቢሰጥም፣ ብዙዎች ገንዘቡን ካወጡ በኋላ መተግበሪያውን ተዉት። ከመንግሥት ነፃ ያወጣል የተባለው ገንዘብ በመንግሥት ትእዛዝ ሲጫን፣ ሥልጣንን ሊገታ የሚችለው ፍርድ ቤት አስቀድሞ ተዳክሞ ነበር፤ የቢትኮይን መዝገብ የተሰናበተን ዳኛ ወደ ወንበሩ አይመልስም። ተጠራጣሪዎቹ ከኮምፒውተር ስሌት ይልቅ ነፃ ፍርድ ቤትን፣ ፍትሐዊ ግብርንና ለሕዝብ ተጠሪ የሆነ ባንክን የሚያስቀድሙት ለዚህ ነው። በታኅሣሥ 2024 አገሪቱ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር በ1.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ተስማማች፤ በቀጣዩ ወርም ምክር ቤቱ በስምምነቱ መሠረት የነጋዴዎቹን ግዴታ አነሣ።