ፍጥነት ሲቀነስ የሚጠፋ ሞተር ብስክሌት፤ ምክንያቱና አመራመሩ



በሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ በሞተር ብስክሌት የሚመላለስ ሰው የመንገዱን ጠባይ ያውቀዋል። ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭነው የሚመጡት ተሳቢዎች ወደ ወደቡ ለመግባት ሲታጠፉ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ፍጥነቱን መቀነስ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ሰዓት ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ፣ ከኋላ የሚከተለው ከባድ መኪና በቶሎ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ ፍጥነት ሲቀነስ የሚጠፋን ሞተር «ደግሞ ይነሣል» ብሎ መተው የራስን ሕይወት ለአደጋ መስጠት ነው።

በመንገድ ላይ ሳላችሁ ይህ ቢደርስባችሁ፣ ወዲያው ፍሪሲዮኑን ጨብጡ፤ ብስክሌቱ በያዘው ግፊት ወደ ቀኝ ዳር አውጡት፤ ፍሬኑንም በቀስታ ያዙ። በመንገዱ መካከል ቆሞ ሞተር ለማስነሣት መታገል አይገባም።

ምክንያቱ ከየት ይመጣል?

የነዳጅ መስጫው እጀታ ሲከፈት፣ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን በሰፊው ቀዳዳ ያሳልፋል። እጀታው ሲለቀቅ ግን ሞተሩ የሚተነፍሰው በአንዲት እጅግ ጠባብ ቀዳዳ በሚያልፍ ጥቂት ቤንዚን ብቻ ነው። በሰፊው ቀዳዳ በኩል ምንም የማይጎዳ ጥቂት ጉድፍ፣ ጠባቢቱን ሊደፍናት ይችላል። እንግዲህ በሩጫ ጊዜ ደህና ሠርቶ ሲቀነስ ብቻ የሚጠፋ ሞተር፣ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በትንሹ መንገድ መሆኑን ራሱ ይነግረናል።

ጤፋችሁ ቢጫ ሲሆን፣ ውሃ ተኝቶበት ይሁን ማዳበሪያ አንሶት ሳትመረምሩ ዩሪያ አትበትኑም። ሞተርም እንደዚሁ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አንድ ጊዜ ሳይመረምር አዲስ ካንዴላ ገዛ፤ ቀጥሎም ነዳጁን አስለወጠ፤ ሞተሩ ግን መጥፋቱን አልተወም። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለችው ጎማ መሰንጠቅ ነበር። ስለዚህ ቀላሉንና ገንዘብ የማይጠይቀውን አስቀድሙ፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም።

አመራመሩ በተራ

ሞተሩን በደጅ አስነሥታችሁ እስኪሞቅ ጠብቁ። ጭሱ ሰው ይገድላልና በተዘጋ ቤት ውስጥ አታስነሡ። ቤንዚን በምትነኩበት ጊዜም እሳትና ሲጋራ ይራቅ።

1ኛ/ ፍሪሲዮን፦ ሞተሩ የሚጠፋው ማርሽ ውስጥ እያለ ብቻ ከሆነ፣ ከማርሽ ሲወጣ ግን በደህና የሚሠራ ከሆነ፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ እንደማይለቅ ጠርጥሩ። ሞተሩን አጥፍታችሁ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፤ ፍሪሲዮኑን ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ግፉት። ከወትሮው በጣም ቢከብድ፣ የፍሪሲዮኑ ገመድ ከመጠን በላይ ላልቷልና ይስተካከል።

2ኛ/ ሚኒሞ፦ መካኒኮች «ሚኒሞ» የሚሉት እጀታው ተለቆ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች በደቂቃ 1,400 ዙር ገደማ ይዞራሉ። ዝቅ ብሎ ከተገኘ በብሎኑ ጥቂት ከፍ አድርጉት። ነገር ግን ሚኒሞን አብዝቶ ከፍ ማድረግ በሽታውን መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም።

3ኛ/ ቤንዚን፦ ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የተገዛ ቤንዚን ውሃና ቆሻሻ ሊኖርበት ይችላል። ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ብሎን አላልታችሁ ጥቂቱን በንጹሕ ብርጭቆ ተቀበሉ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ተለይቶ ይታያል።

4ኛ/ የቾክ ፈተና፦ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ፈተና ነው። የሞቀው ሞተር በሚኒሞ ሲንተፋተፍ ቾኩን ጥቂት ሳቡ። ሞተሩ ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ከባሰበት ደግሞ ቤንዚን በዝቶበታል።

ቤንዚን ካነሰው

ጠባቢቱ ቀዳዳ ተደፍናለች፤ ወይም ያልታሰበ አየር ይገባል። ካርቡራተሩ ተፈትቶ ቀዳዳዋ በቤንዚን ትታጠብና በጎማ መንፊያ ትነፋ። ሽቦ ማስገባት ቀዳዳዋን ስለሚያሰፋ ፈጽሞ አይገባም። ለአየር መግቢያው ደግሞ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ባለችው ጎማ ዙሪያ የሳሙና ውሃ ቀቡ። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ስንጥቁ እዚያ ነው።

ቤንዚን ከበዛበት

አስቀድሞ ቾኩ በሚገባ መመለሱ ይታይ። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያው ይፈተሽ። በስምጥ ሸለቆው አካባቢ በበጋ የሚነሣው አቧራ ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋል። የስፖንጅ ማጣሪያ በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል፤ ጥቂት ዘይትም ይቀባል። የወረቀቱ ግን ይራገፋል እንጂ አይታጠብም። ማጣሪያ አውጥቶ መንዳት አቧራው ሲሊንደሩን እንዲበላው መፍቀድ ነው።

የአገሩም ከፍታ ይታሰብ። ሞጆ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ አየሩ በጅቡቲ ወደብ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ወደ አርሲ ደጋ ሲወጣ ደግሞ ይብስበታል። የማስተካከያውን ብሎን ከመንካታችሁ በፊት እስኪነካ ድረስ በቀስታ አጥብቃችሁ ስንት ዙር እንደሆነ ቁጠሩና ጻፉ። ከዚያ ወደ ነበረበት መልሱና ሩብ ዙር ብቻ እየለወጣችሁ ሞክሩ። ካልሠራ ወደ ጻፋችሁት ቁጥር መመለስ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ካልፈታው

ካንዴላውን ፈትታችሁ ቀለሙን ተመልከቱ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ደህና ነው፤ ደረቅ ጥላሸት የቤንዚን መብዛት ነው፤ ነጭ መሆን የቤንዚን ማነስ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ የቫልቩ ክፍተት ጠቦ ይሆናልና መካኒክ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ይለካው። ካርቡራተር የሌለው፣ በኢንጀክሽን የሚሠራ ብስክሌት ያላችሁም የአየር ማጣሪያውንና ካንዴላውን ራሳችሁ አይታችሁ የቀረውን ለመካኒክ ተዉ።

የልማት ሠራተኞች ያደረጋችሁትን ሁሉ በማስታወሻ ደብተራችሁ ጻፉ፤ መካኒክ ዘንድ ስትሄዱም አሳዩት። ያን ጊዜ ያልታመመ ዕቃ አይለወጥባችሁም፤ ገንዘባችሁም በከንቱ አይወጣም። ብስክሌቱን ወደ ተሳቢዎቹ መንገድ ከመመለሳችሁ በፊት ግን፣ ሰው በማይበዛበት ሜዳ ላይ አሥር ጊዜ ያህል እየነዳችሁ ቀንሱ፤ አንድም ጊዜ ካልጠፋ ጥገናው ሠርቷል።