በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የቀረ ሜዳሊያ

ባለፈው ዓመት ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ አንድ ጎረቤታችን አረፉ። ሰፈሩ ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» ይላቸው ስለነበር ሙሉ ስማቸውን ብዙዎቻችን ያወቅነው የዕድሩ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ከአልጋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ጎትታ አወጣች። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሜዳሊያ፣ ስድስት ወጣት ወታደሮች የተነሡበት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፣ ጫፉን አይጥ የበላው ደብዳቤ። ሜዳሊያውን የት እንደተሸለሙት ብንጠይቅ የሚመልስ ጠፋ። ባለቤታቸው እንኳ «ምሥራቅ ነበር መሰለኝ» ከማለት በቀር አልጨመሩም። አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል።

ውድ አንባቢያችን፣ እርስዎስ? አባትዎ፣ አጎትዎ ወይም ከበር ላይ ሰላም የሚሏቸው የሰፈርዎ ሻምበል የትኛው ክፍለ ጦር ውስጥ እንደነበሩ ያውቃሉ? እኔ የገዛ አጎቴን አላውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ስነሣ አፍሬ ደወልኩላቸው።

በተለይ እኛ የኮልፌ ሰዎች ይህን አለማወቃችን ያስገርማል፤ ሰፈራችን ከወታደርና ከፖሊስ ታሪክ ጋር ተጋምዷል። ከአያት የሚመጣው ባቡር የሚቆምበት ጦር ኃይሎች ስሙ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ወደ ኮልፌ ሲዘልቁ የቀድሞው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር አለ። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚህ ነው። ጠመንጃ መተኮስ፣ ፈንጂ መቅበር፣ በተራራ ላይ ከባድ ሸክም ተሸክሞ መጓዝ ተምረውበታል። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ከአገራቸው በመጣ ጥሪ ተቋርጦ ሲሄዱ፣ ታደሰ ብሩ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት እንደሰጧቸው ማንዴላ ራሳቸው ጽፈዋል። ፈንጂ አያያዝ ካስተማሯቸው አንዱ ኮሎኔል ፈቃዱ ዋቄኔ ያን ጊዜ ገና አሥር አለቃ ነበሩ። ታሪኩን ለቢቢሲ ሲያወሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር። ዓለም የሰማው ተጠይቀው ስለተናገሩ ነው። በዚያው ግቢ የነበሩ፣ ማንም ማይክሮፎን ያልዘረጋላቸው ባልደረቦቻቸው ስንት ይሆኑ?

የቃኘው ሻለቃ ነገርም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ተሸኘ። ስያሜው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ተራ በተራ የዘመቱት በጠቅላላው ከ6 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ከ120 በላይ ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው ለምርኮ አለመስጠታቸውን ግን ሲናገሩ የአዛውንቶቹ ወገብ ዛሬም ቀጥ ይላል። በኋላ በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያመጣው ማሞ ወልዴም ከዘማቾቹ አንዱ ነበር።

ሲመለሱ የጠበቃቸው ግን እልልታ ብቻ አልነበረም። ብዙዎቹ የክቡር ዘበኛ ሰዎች ስለነበሩ የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ክፍሉ ሁሉ ጥርጣሬ ወደቀበት። በደርግ ዘመን ደግሞ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ስለተወዳጀ «ደቡብን ደግፌ ተዋግቻለሁ» ብሎ ደረት መንፋት የማይመች ሆነ። ሜዳሊያ ወደ ሣጥን የገባው ያኔ ነው። ደቡብ ኮሪያ ግን አልረሳቻቸውም። በ1960 ዓ.ም. ቹንቾን ከተማ ላይ የመታሰቢያ ሐውልት ቆመላቸው፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ለዘማቾቹ የገንዘብ ድጋፍ፣ ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ዕድል መጣ። እዚህም አፍንጮ በር መታሰቢያና ሙዚየም አላቸው። አንድ ቅዳሜ ልጆችዎን ይዘው ይሂዱ፤ ከኮልፌ ሩቅ አይደለም።

የእኛ ሃምሳ አለቃ ግን ኮሪያ ዘማች አልነበሩም። የ1983ቱ ናቸው። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ሠራዊቱ ሲፈርስ ከ400 ሺህ በላይ ወታደር ወደ ቤቱ ተመለሰ። የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን በዚያው ሰሞን ቢመሠረትም፣ የሰልፍ ሙዚቃና አበባ አልነበረም። ከፊሉ ዘበኛ፣ ከፊሉ ሹፌር፣ ከፊሉ የቀን ሠራተኛ ሆነ። እኚህ ሰዎች ዝም የሚሉት የሚያወሩት አጥተው እንዳይመስልዎ። የቱን ቢያወሩ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠሩ ስለሚፈሩ ነው። በእኔ እምነት ጦርነቱን ማን ጀመረው፣ ለምን ተደረገ የሚለውን ለብቻው መከራከር ይቻላል። ምሽግ ውስጥ ኮቾሮውን ለሁለት ሰብሮ ለጓደኛው ያካፈለ ሰው ያንን ማስታወስና በዚያ መኩራት ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ወደ ጥቅማጥቅሙ እንምጣ፤ ሣጥኑን መክፈት የሚያስፈልገው ለትዝታ ብቻ አይደለምና።

በ2003 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ስሌት፣ አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25፣ ለመከላከያና ለፖሊስ ባልደረባ ደግሞ 1.65 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 ነው። ለምሳሌ 25 ዓመት ያገለገለ ወታደር 54.75 በመቶ ይደርሰዋል ማለት ነው። ባለጡረታው ሲሞት የትዳር ጓደኛ የአበሉን ግማሽ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ስለተሻሻለ የራስዎን ጉዳይ የጡረታ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ሄደው ማረጋገጥ አለብዎት። ደመወዝ በመቶ ብር በሚቆጠርበት ዘመን ያገለገሉ አዛውንቶች ማስተካከያው ቢጨመርላቸውም አበሉ ከገበያው ጋር እኩል እንደማይሮጥ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ያም ሆኖ ለባለቤታቸው ከምንም ይሻላል።

ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። የሃምሳ አለቃ ባለቤት ለተተኪ ጡረታ ሲያመለክቱ፣ ሟቹ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት ስምና መታወቂያቸው ላይ ያለው ስም አንድ ሆኖ አልተገኘም። ልዩነቱን ሊያስረዳ ይችል የነበረው ደብዳቤ ደግሞ አይጥ የበላው ነው። የጋብቻ ማስረጃ የላቸውም፤ በሽማግሌ የተጋቡ ናቸው። ባለቤቲቱ በጉልበት ሕመማቸው ላይ ለአራት ወር ተመላለሱ። ሰውየው በሕይወት ሳሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ወረቀት ያገላበጠ ልጅ ቢኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስለዚህ በዚህ እሑድ ቡና አፍልተው ይቀመጡ። የጡረታ ደብተር፣ የስንብት ደብዳቤ፣ የማዕረግ ዕድገት፣ ቁስለኛ ከሆኑ የሕክምና ቦርድ ወረቀት፣ የሜዳሊያ ምስክር ወረቀት ካለ እያንዳንዱን በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ስሞቹ ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆናቸውን ያመሳክሩ፤ ልዩነት ካለ አሁኑኑ፣ ባለቤቱ ራሱ ሄዶ መፈረም በሚችልበት ጊዜ ያስተካክሉ። በሽማግሌ ወይም በሃይማኖት የተጋቡ ከሆኑ ጋብቻው ይመዝገብ።

ወረቀቱ ሲያልቅ ወሬው ራሱ ይመጣል። አጠያየቁን ግን ይጠንቀቁ። «ስንት ገደልክ?» የሚል የልጅ ጥያቄ አፍ ያዘጋል፤ አጎቴ እንደነገሩኝ ለአንድ ሳምንትም እንቅልፍ ይነሣል። «ምን ትበሉ ነበር? ደብዳቤ በስንት ጊዜ ይደርሳችኋል? ጓደኛህ ማን ነበር?» ይበሉ። እኔ ስለ ጓደኛቸው ብጠይቃቸው አጎቴ ስልኩ ላይ ሃያ ደቂቃ አወሩ፤ ከዚያ በፊት ከሦስት ደቂቃ በላይ አውርተን አናውቅም። እናቶችንም አይርሱ። ባል ግንባር ሳለ በካምፕ ጠበል ጠዲቅ እየተካፈሉ፣ የሞት መርዶ ከየትኛው ቤት ይገባ ይሆን እያሉ ልጅ ያሳደጉት እነሱ ናቸው። ሜዳሊያ የሰጣቸው የለም።

በሃምሳ አለቃ አርባ ላይ ከአስኮ አንድ ሽበታም ሰው መጡ። የሰሙት ዘግይተው ነው። ልጅቷ ፎቶግራፉን ስታሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት። ሐረር እንደሆነ ነገሯት፤ በ1970 ዓ.ም.፣ የካራማራ ድል ሰሞን። ከግራ ጀምረው በጣታቸው እየነኩ ስም ጠሩ። ሦስተኛው እሳቸው ነበሩ፣ አራተኛው አባቷ። እሷ ከጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ትጽፋለች። መጨረሻ ላይ ካሉት የአንዱ ስም ጠፋባቸው። ምሳ ቀርቦ እጃቸውን ከታጠቡ በኋላም፣ ጉርሻው አጠገባቸው ተይዞ፣ ገና ያስታውሱ ነበር።