ለአጥንት ጥገና የሚውል ባለ ቀዳዳ ሴራሚክና የእሳቱ ልክ

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ የሆነችው ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። መንገዱ የተሽከርካሪ አደጋን፣ በ2014 ዓ.ም. እስከዚያ የዘለቀው ጦርነት ደግሞ የጥይትና የፍንጣሪ ቁስልን ለአካባቢው ሐኪሞች አሳይቷል። እንዲህ ያለ ጉዳት አጥንቱን ከሰባበረውና ሕይወት ያጣው ክፍል ከተወገደ በኋላ በሁለቱ ጫፎች መካከል ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱን ለመሙላት እስከ ዛሬ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ከበሽተኛው ከራሱ ዳሌ የሚወሰድ አጥንት ነው፤ ይሁን እንጂ መጠኑ ውስን ነው፣ የተወሰደበትም ቦታ ሌላ ቁስል ይሆናል። ከካልሲየም ፎስፌት የሚሠራው ባለ ቀዳዳ ሴራሚክ የተፈለገው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ከአንድ ዓይነት ዱቄት የተሠሩ ሁለት ሴራሚኮች በሰውነት ውስጥ የተለያየ ጠባይ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱም የተተኮሱበት ሙቀት ነው።

ነገሩን ሸክላ ሠሪ በሚገባ ያውቀዋል። ያልተተኮሰ ጭቃ ውኃ ሲነካው ይፈርሳል። በሜዳ ላይ እሳት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተተኮሰ እንስራ ግን ውኃ ይይዛል፤ በደቃቅ ቀዳዳዎቹም ስለሚያልብ በቆላው ሙቀት ውኃውን ያቀዘቅዛል። እሳቱ እጅግ ቢበረታ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ማላቡ በቀረ ነበር። የአጥንት ሴራሚክ ሠሪም የሚታገለው ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው፤ ጥንካሬ ይፈልጋል፣ ቀዳዳውንም ማጣት አይፈልግም።

ከተለመዱት የአሠራር መንገዶች አንዱ ስፖንጅን በሴራሚክ ዱቄት ሊጥ ነክሮ ማድረቅና መተኮስ ነው። ስፖንጁ ተቃጥሎ ሲጠፋ ቅርጹ በሴራሚኩ ላይ ይቀራል። በዚህ ደረጃ ሙቀቱ በዝግታ መጨመር አለበት፤ ካልሆነ የሚወጣው ጋዝ ገና ያልጠነከረውን አካል ይሰነጥቀዋል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ወደ 1,100 እና 1,300 ዲግሪ መካከል ሲደርስ የዱቄቱ ቅንጣቶች ሳይቀልጡ በሚነካኩበት ቦታ ይጣበቃሉ፤ በመካከላቸው አንገት የመሰለ ድልድይ ይወፍራል፣ አካሉም በሙሉ ይኮማተራል። በቅንጣቶቹ መካከል የነበሩት ከጥቂት ማይክሮን የማይበልጡ ቀዳዳዎች ቀስ በቀስ ይዘጋሉ። በስፖንጁ ምክንያት የተፈጠሩት ሰፋፊዎቹ ግን ጠበብ ቢሉም ይቆያሉ። የአጥንት ሴሎችና የደም ሥሮች የሚገቡት በእነዚህ ስለሆነ ስፋታቸው ቢያንስ 100 ማይክሮን፣ ቢቻል ከ300 በላይ እንዲሆንና እርስ በርሳቸው እንዲገናኙ ይፈለጋል። የማይገናኝ ቀዳዳ ስፋቱ ቢበዛም ለበሽተኛው ጥቅሙ ትንሽ ነው።

የደቃቆቹ መዘጋት ሴራሚኩን ያጠነክረዋል፤ ነገር ግን ፈሳሽና ፕሮቲን የሚያርፍበትን ገጽ ይቀንሳል፣ ሟሟትንም ያዘገያል። የሙቀቱ ሥራ በዚህም አያበቃም። ሃይድሮክሲአፓታይት ከ1,300 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲግል መበስበስ ይጀምራል፤ ወደ ሌሎች፣ ይበልጥ ወደሚሟሙ ካልሲየም ፎስፌቶችም ይለወጣል። ቤታ ትራይካልሲየም ፎስፌት ደግሞ ከ1,125 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ አልፋ ወደሚባለው ዓይነት ይዞራል፤ በዚህም ጊዜ ይዘቱ ስለሚሰፋ ስንጥቅ ሊፈጠርበት ይችላል።

አንዳንድ ጊዜ፣ ባቲን የመሰለ ታላቅ የከብት ገበያ ባለበት አገር የበሬ አጥንት አቃጥሎ መጠቀም ለምን አይቻልም የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ በሌሎች አገሮች ከከብት አጥንት የተዘጋጁ ምርቶች በሥራ ላይ ናቸው። አጥንቱ ሲግል መጀመሪያ ይጠቁራል፤ ኮላጅኑና ስቡ ተቃጥለው ሲያልቁ ይነጣል። ሆኖም መንጣቱን አይቶ በቃ ማለት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ከእብድ ላም በሽታ ወገን የሆነ ተላላፊ ነገር በ600 ዲግሪ ከተቃጠለ በኋላ እንኳ በሙከራ እንስሳት ላይ ጥቂት የማስተላለፍ ኃይል እንደቀረለት አሳይቷል። በ1,000 ዲግሪ ግን በኋላ በተደረገ ሙከራ መተላለፍ አልታየም። ሙቀቱን በትክክል የሚለካ እቶንና የእያንዳንዱን ዙር ምርት የሚመረምር ላቦራቶሪ ሳይኖር ይህን ሥራ መጀመር፣ በእኔ እምነት፣ በበሽተኛው ላይ መፍረድ ነው።

በደንብ የተተኮሰውም ቢሆን ሸክም አይችልም። ከመቶ 70 እጁ ቀዳዳ የሆነ ሃይድሮክሲአፓታይት የሚቋቋመው ግፊት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሜጋፓስካል አይበልጥም፤ የቅልጥም ጠንካራ ቅርፊት ግን ከ100 በላይ ይቋቋማል። ስለዚህ ሰሌዳ ብረት ወይም ሌላ ማሰሪያ ግዴታ ነው። መግል ባለበት ቁስል ውስጥም ማስገባት ባዕድ አካል መጨመር ይሆናል።

በደሴ ወይም በአዲስ አበባ ታክሞ ወደ ከሚሴ የተመለሰን በሽተኛ የሚከታተል ባለሙያ በተለይ ራጅ ሲያነብ ይህን ማስታወስ አለበት። በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ሃይድሮክሲአፓታይት ለዓመታት ሳይሟሟ ነጭ ሆኖ ይታያል። ትራይካልሲየም ፎስፌት ግን አብዛኛውን ጊዜ በወራት ወይም በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። የመጀመሪያው ነጭነት ብቻውን አጥንቱ ለመግጠሙ ማስረጃ አይሆንም፤ የሁለተኛውም መደብዘዝ ብቻውን ሕክምናው ከሸፈ አያሰኝም። የሚታየው ሴራሚኩ ከነባሩ አጥንት ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ነው። በዚያ ጥቁር መስመር ካለ፣ ወይም በሽተኛው እግሩን ሲረግጥ የሚያመው ከሆነ፣ ማሰሪያው ሳይወጣ ወደ ቀዶ ሐኪሙ መላክ አለበት፤ ከበሽተኛው ጋርም የገባለት ሴራሚክ ዓይነት የተጻፈበት ወረቀት አብሮ ይሂድ።